ፈረሰኛው ይርዳውና የማኅበሩ ንባብ

ይችን ተረት ጦር ሜዳ የዋለ ሰው ያመጣት የሚመስለው ብዙ ነው። በሙግት መሐል ሲተርቷት ደረቱን የሚነፋ፣ ጋሻና ጎራዴ የሚታየው አለ። ተዉት። ተረቷ የተወለደችው ጠላ ቀርቦ መጠጣት በተከለከለበት ቤት፣ ጉሮሯቸው በደረቀ ማኅበርተኞች መካከል ነው። አያቴ እንደነገረኝ ልንገራችሁ፤ የማያምን የራሱን ያምጣ።

ይርዳው የሚባል ፈረሰኛ ነበር። ዕድሜውን ኮርቻ ላይ ፈጅቶ፣ ልጅ ሳይወልድ፣ በስተርጅና ማንጠግቦሽ የምትባል ባሏ የሞተባት ሴት አገባ። እሷ ጫኔ የሚባል የአሥራ አምስት ዓመት ልጅ አላት። እንግዲህ ሰውዬው ባልም አባትም የሆነው በአንድ ቀን ነው። ባልነቱስ አልከበደውም፤ አባትነቱ ነው ላብ ያስወጣው።

የጫኔ አባት በሕይወት ሳለ የማኅበሩ አንባቢ ነበር። በዚያ አገር ማኅበርተኛው ተራ በተራ በየቤቱ ሲሰበሰብ መጀመሪያ መጽሐፍ ይነበባል፤ ንባቡ ሳያልቅ ጠላ የሚቀምስ የለም። ጫኔ ግን ፊደል ቆጥሮ እዚያው ላይ ትቶታል። የሟቹ ወንድም ታከለ በሠርጉ ዕለት ተነሣና፣

"የወንድሜ ልጅ መሃይም ሆኖ አያድግም። ስጡኝና ከቤቴ ወስጄ ላስተምረው" አለ።

ይርዳው ሞቅ ብሎታል። "ምን አስቸኮለህ? ማኅበሩ እኛ ቤት ሲደርስ ልጁ ራሱ ያነብላችኋል። ባያነብ ያን ጊዜ ውሰደው" ብሎ በሽማግሌ ፊት ማለ።

ማንጠግቦሽ እንግዳ እስኪሸኝ ጠበቀችው። "አንተ ሰው፣ ራስህ ሀሁ ሳትቆጥር በልጄ ንባብ ትወራረዳለህ?"

"ስንቱን ፈረስ የገራሁ ሰው አንድ ልጅ ያቅተኛል?" አላት።

በማግስቱ ጫኔን ከበረቱ ደጃፍ አስቀምጦ "አንብብ" አለው። ልጁ የአባቱን ብራና ገለጠና ያንበለብለው ጀመር። ይርዳው ፈረሱን እያሸ "ጎሽ የኔ ልጅ፣ ጎሽ" ይላል። እንዲህ ሰነበቱ። ገበያ ወርዶም ያገኘውን ሁሉ እያስቆመ "ልጄ እንደ ውሃ ነው የሚያወርደው" ማለት አመጣ። አንድ ቀን ማንጠግቦሽ እንስራዋን አዝላ ከወንዝ ስትመለስ ቆማ አየቻቸውና ሳቅ አፈናት።

"ምን ያስቅሻል?" አላት።

"መጽሐፉን ዘቅዝቆ ይዞታል እኮ። ቀዩ የሐረግ ጌጥ ከላይ ነው የሚሆነው፤ አባቱ ሲያነብ ስንት ዓመት አይቻለሁ።"

ለካስ ልጁ አፉ ላይ የመጣለትን ነው በንባብ ዜማ ሲያወርድለት የከረመው። ጫኔ ዱላ ጠበቀ። ይርዳው ግን ከፈረሱ እግር ሥር ተቀምጦ ሆዱን ይዞ ሳቀ። ስቆ ሲያበቃ ፊቱ ጠቆረ።

"ጫኔ፣ ሞኝ አደረግኸኝ፤ ይሁን። አንድ የደበቅሁህ ነገር አለ። ማኅበሩ እኛ ቤት ሲደርስ ካላነበብህ አጎትህ ሊወስድህ ነው፤ የማልኩትም እኔው ነኝ። እናትህ ታለቅሳለች። እኔም ገና መልመዴ ነው፤ ብትሄድብኝ ሆዴ ይባባል።"

ልጁ መጽሐፉን አቃናው።

"እስቲ አሁን የምሩን አንብብልኝ። ምን ይላል?" አለው ይርዳው።

ጫኔ በጣቱ እየተከተለ፣ ፊደል ከፊደል እያጋጠመ፣ አንድ መንገደኛ ወንዝ ሲሻገር ድንገት ሞልቶበት ከነበቅሎው መሐል ድንጋይ ላይ እንደቀረ አነበበ። እዚያ ላይ ደከመውና ዘጋው።

"እና ሰውዬው?" አለ ይርዳው።

"ነገ እናየዋለን፣ አያ ይርዳው።"

"በቅሎዋስ?"

"እኔስ የት አውቄ? ገና አላነበብሁትም።"

ያን ቀን ይርዳው እህል አልወርድለት አለ። ገና ጎሕ ሲቀድ ልጁን እየወዘወዘ ቀሰቀሰው። "ተነሥ እንጂ፤ ሰውዬው ውሃ ላይ አደረ እኮ።" እርሻ ላይም "ውሃው ጎደለለት ይሆን?" እያለ ይነዘንዘዋል። ጫኔም መጀመሪያ ንዝነዛውን ሽሽት አነበበ፤ ኋላ ግን እሱም ጓጓ። መንገደኛው ሲድን ሌላ ታሪክ ተተካ፤ ሲያልቅ ደግሞ ይርዳው "እስቲ ከመጀመሪያው ድገመው" ይላል። እንዲያ ሲል ሲል ፊደል የማያውቀው ሰውዬ መጽሐፉን በቃሉ ያዘው።

ማኅበሩ ደረሰ። ቤቱ ሞላ፣ ጠላው ቀረበ፣ ታከለ የልጁን ጓዝ የሚጭንበትን አህያ ደጅ አስሮ ገባ። የማኅበሩ መሪ አለቃ ንብረት ከይርዳው ጎን ተቀመጡና "በል ልጄ" አሉት። ጫኔ ጀመረ። ሄደ፣ ሄደና አንዲት ቃል ላይ ሲደርስ ቆመ። ታከለ ጋቢውን ሰበሰበ። ማኅበርተኛው አንዴ ልጁን አንዴ ጋኑን ያያል። እናቱ ምሰሶውን ተደግፋ ዓይኗን ጨፈነች። ይርዳው ቃሏን አሳምሮ ያውቃታል፤ ሊነግረው አፉን ሲከፍት አለቃ ንብረት ጭኑን ምዝልግ አድርገው ቆነጠጡት። ይርዳው አፉን እንደከፈተ ቀረ።

ጫኔ ላቡን ጠረገ። ከመስመሩ መነሻ ተመልሶ፣ ጣቱን ፊደሉ ላይ አድርጎ፣ ቀስ እያለ ቃሏን ከፋፍሎ አነሣት፤ ከዚያ ወዲያ እስከ መጨረሻው የገታው የለም። ቤቱ በእልልታ ተናጋ። ታከለ ልጁን ጉንጩን ስሞ "የወንድሜን ድምፅ ሰማሁ፤ እዚሁ እደግ" አለና አህያውን ባዶዋን ሊነዳ፣ መጀመሪያ ግን ጠላውን ሊጠጣ ተቀመጠ።

ይርዳው ጭኑን እያሻሸ ወደ አለቃ ንብረት ዞረ። "ምነው አለቃ፣ ልጄን ሊወስዱብኝ ነበር እኮ። አንዲት ቃል ባቀብለው ምን ነበረበት?"

አለቃ ንብረት የጠላውን አረፋ ከጢማቸው ጠርገው፣ "እስከዚህ ያመጣኸው አንተ ነህ፤ እሱን ማንም አይነጥቅህም። ከዚህ በኋላ ያለው ግን የራሱ የልጁ ነበር" አሉትና ትከሻውን መታ መታ አድርገው፣ "ደግሞ ላንተ ለፈረሰኛው ይህን እኔ ልንገርህ? ፈረስ ያደርሳል እንጂ አይዋጋም" አሉት።