ባዶውን የገባው ገበሬ

አንድ ገበሬ ነበረ። ሐኪም ቤት «ለምርመራው ሳትሸኚ፣ ሽንትሽን ይዘሽ ነይ» ቢሉሽ፣ «እንዴት እንዲህ ተወጥሬ ሰው ፊት እተኛለሁ?» ብለሽ ጠየቅሽኝ አይደል፣ ደብሪቱ? እንግዲያ የእሱን ስሚ።

ይህ ገበሬ ያለችው አንዲት ሴት ልጅ ናት፤ እሷም ሩቅ አገር ተድራ ወንድ ልጅ ወለደች። የልጅ ልጁን ሊያይ ሲነሣ ሽንቱ አላስኬደው አለ። አውቶቡሱ ገና ከከተማ ሳይወጣ «ወራጅ!» ይላል። ጥቂት ሄደው ደግሞ «ወራጅ!» ተሳፋሪው «አባባ፣ አገሩን ሁሉ ሊያጠጡት ነው እንዴ?» ብሎ ሣቀበት። እኔም ብኖር እስቅ ነበር፣ እግዜር ይቅር ይበለኝ! እሱ ግን አፈረና ከመንገድ ተመለሰ። ከዚያ ወዲያ በገበያ ቀን መናኸሪያው አጥር ሥር ይቆማል፤ ወደ ልጁ አገር የሚሄደው መኪና ከነአቧራው እስኪጠፋ ያያል፤ ለሕፃኑ የገዛትን ቆብ በኪሱ እንደያዘ ቤቱ ይገባል። ሕፃኑ እያደገ፣ ቆቧ እያነሰች ሄደች።

በመጨረሻ ናፍቆቱ እፍረቱን በለጠውና ሐኪም ቤት ሄደ። የሽንት ፊኛው በአልትራሳውንድ እንዲታይ ታዘዘ። «ውሃ ጠጥተው ይቆዩ፤ እስኪታዩ ድረስ አይሽኑ» አሉት። ጠጣ፣ ቆየ። ተራው ሲደርስ ግን «እንዲህ ተወጥሬማ ሰው ፊት አልተኛም፤ ነውር ነው» አለና ከጓሮ ካለው ባሕር ዛፍ ሥር ሁሉንም አፍስሶ፣ እጁን ታጥቦ፣ ጋቢውን አስተካክሎ ገባ። እንደ ሙሽራ!

የምትመረምረው ሴት ሆዱን ቀዝቃዛ ቅባት ቀብታ መሣሪያዋን አንሸራተተችበት። ምንም አላመመውም።

«አባቴ፣ ፊኛዎ ባዶ ነው እኮ!»

«አዎ፤ ለክብርሽ ብዬ ነው።»

ሣቀች። «ባዶ ስልቻ ተጨማዶ ሲወድቅ ውስጡ ይታያል? የእርስዎም እንደዚያው ነው። ክብሬን ይተዉልኝና ውሃ ይጠጡልኝ።»

ተመልሶ አግዳሚው ላይ ተቀመጠ፣ ጠጣ። ሽንቱ ሲመጣበት በኪሱ ያለችውን ቆብ ጨብጦ ቻለው። በጣም ሲያስጨንቀው ነገራት፤ «ይበቃል፣ ይግቡ» አለችው። ፊኛው ሞልቶ ሲዘረጋ ውስጡ ያለው ጠጠር ቁልጭ ብሎ ታየ። «አሁን ሸንተው ይመለሱ» አለችው፤ ሲመለስም ፊኛው ውስጥ የቀረ ሽንት መኖር አለመኖሩን ደግማ አየች። ገበሬው ታክሞ ሲሻለው ተለቅ ያለ ቆብ ገዝቶ ተሳፈረ።

ደብሪቱ ልጄ፣ ያ ሰው አንቺ ነሽ። የሚያስፈልገውን ደጅ አፍስሰሽ፣ ባዶሽን ተሽሞንሙነሽ ልትገቢ ነው። ነገ ውሃሽን ጠጪና እንደሞላሽ ግቢ፤ ካልቻልሽ ሳታፍሪ ንገሪያቸው። ሐኪሙም ሲጠይቅሽ «ደህና ነኝ» አትበይ፤ ሕመምሽንም ሳትደፊ ይዘሽ ግቢ። በዚሁ በሽንት ሰበብ እናትሽ ዘንድ መሄድ ከተውሽ ከረምሽ። እህቴ፣ እናትሽ፣ ደግሞ መኪና በቆመ ቁጥር ከደጅ ወጥታ አንገቷን ታሰግጋለች። ወራጁ ግን ሁልጊዜ የሌላ ሰው ልጅ ነው።