በማዕረግ የተደረደረው ድረ ገጽ

አንድ ቀን፣ በአንዲት ከተማ የውሃ አገልግሎት መሥሪያ ቤት፣ አቶ ደምመላሽ የሚባሉ ዳይሬክተር ድረ ገጽ ካልተሠራልኝ ብለው ተነሡ። ሰውዬው ስለ ኮምፒዩተር የሚያውቁት ነገር ቢኖር አቧራ እንዳይነካው በጨርቅ እንደሚሸፈን ነው፤ ምክር ግን አይወዱም። ባለሙያው አስናቀ ሠርቶ ጨረሰላቸው። ጣጣው የመጣው ሴቲንግ የሚሉት ላይ ነው፤ ድረ ገጹ ምን እንደሚያሳይ የሚታዘዝበት ዝርዝር ማለት ነው። አሠራሩ አሳታፊ ይሁን ተባለና ከዳይሬክተሩ እስከ በር ጥበቃው ድረስ ሁሉም የየራሱን ትእዛዝ ጽፎ ሰጠ። መቼም አሳታፊ ከተባለ የማይጽፍ የለም።

«በምን ቅደም ተከተል ላስገባቸው?» ሲል ጠየቀ አስናቀ።

«ይኼም ይጠየቃል? በማዕረግ ነዋ! የኔ ከላይ፣ የምክትሌ ቀጥሎ፣ እንዲህ እያለ ዘበኛው ጋ ይደርሳል።»

«ጌታዬ፣ ማሽኑ ከላይ ወደ ታች እያነበበ ነው የሚወርደው። ሁለት ትእዛዝ ከተጋጨበት የመጨረሻውን ይይዛል። እና የእርስዎን ከሁሉም በታች ባደርገው…»

«ከዘበኛ በታች? እኔን?» ጠረጴዛውን በቡጢ መቱት።

አስናቀ ምን ያድርግ፣ ወጣና በማዕረግ ደረደረው።

ዳይሬክተሩ የጻፉት «እስከ ዐሥራ አንድ ሰዓት ክፍት ነን» የሚል ነበር። ጥበቃው ጋሽ ቢያድግልኝ ደግሞ ከምሳ በኋላ ሸለብ ስለሚያደርጋቸው «ከስምንት ሰዓት በኋላ ሰው አይገባም» ብለዋል። ድረ ገጹም የጋሽ ቢያድግልኝን ይዞ ቁጭ አለ። ባለጉዳይ ከሰዓት መምጣቱን ተወ፤ ሠራተኛውም አንድዬን አመሰገነ። ለቁጥጥር ይመጡ የነበሩ የበላይ ኃላፊ ሳይቀሩ ይህንኑ አንብበው ከመንገድ ተመለሱና አቶ ደምመላሽን በስልክ ልክ ልካቸውን ነገሯቸው።

በማግስቱ አቶ ደምመላሽ የስንብት ደብዳቤ አስጽፈው፣ ማኅተም አስመትተው፣ አስናቀን በሠራተኛው ሁሉ ፊት አቆሙት።

«የኔን ትእዛዝ ሽረህ የዘበኛውን የምታጸድቅ አንተ ማን ነህ? ደግሞ ልጆቼን የት ልጣላቸው ብለህ እንዳታለቅስብኝ!»

«አላለቅስም» አለ አስናቀ። «ከላይ አስቀምጠኝ አሉኝ፣ አስቀመጥኩዎት። አሁንም ቢሆን ክብርዎ ከበለጠብዎ እዚያው ከላይ ይቀመጡ፤ ትእዛዝዎ እንዲፈጸም ከፈለጉ ግን ከጋሽ ቢያድግልኝ በታች ይውረዱ። ብቻ ደብዳቤውን ከመስጠትዎ በፊት የትኛውን እንደመረጡ እዚሁ ሰው ፊት ይንገሩኝ።»

አቶ ደምመላሽ ሠራተኛውን አዩ፣ ጋሽ ቢያድግልኝን አዩ፣ ደብዳቤውን አጣጥፈው ኪሳቸው ከተቱት። ያ መሥሪያ ቤት እስከ ዛሬ ከስምንት ሰዓት በኋላ ሰው አያስገባም።