የታጠበው ዘር

አንድ ሰው ነበረ። አዎ ትርንጎ፣ ጥያቄሽን ሰምቼዋለሁ። «መምህር፣ ፋይል ሁሉ ያው ፋይል አይደል? ለምን ዓይነት በዛበት?» አልሽ። ደግሞም የሟች አባትሽ ድምፅ ከተቀዳባቸው ሁለት ፋይሎች አንዱን በጽሑፍ መጻፊያው ፕሮግራም ከፍተሽ፣ ትርጉም የሌለው ምልክት ሞልቶት ብታዪ፣ ቆሻሻ ነው ብለሽ ምልክቱን ሰርዘሽ እንዳስቀመጥሽው ነገርሽኝ። ይባስ ብለሽ ሁለተኛውንም ላጽዳው ወይ ትይኛለሽ! ሃያ ዓመት ኮምፒውተር ሳስተምር እንዲህ ደንግጬ አላውቅም። በይ እጅሽን ሰብስቢና ስሚኝ።

ሰውየው አባቱ ሞቶ ቤቱን የወረሰ ገበሬ ነው። በጓዳው ሦስት የጭቃ ጎታዎች ነበሩ። በአንዱ የሚፈጭ ጤፍ፣ በአንዱ ብቅል የሚሆን ገብስ፣ በሦስተኛው ለዘር የተቀመጠ ማሽላ። እናቱ የወለደች ልጇን ልትጠይቅ ሄዳ ሁለት ወር ቆየች።

ሰውየው ሦስተኛውን ጎታ ቢከፍት ማሽላው በአመድ ተለውሷል። በገነ። «እህል ሁሉ እህል ነው፤ እህል ላይ አመድ የሚደፋ ምን ዓይነት ሰው ነው?» አለ። ማሽላውን ወንዝ አውርዶ አጠበው፣ ግማሽ ቀን አሰጣው፣ መልሶ ጎታው ውስጥ ጨመረው። ከላይ ሲያዩት ያምር ነበር። ጎረቤት እየጠራ ሁሉ አሳየ።

ዝናቡ ጣል ሲያደርግ እናቱ ተመለሰች። አገሩ ሁሉ በሬ ጠምዷል። እጇን ወደ ጎታው ሰደደችና ጮኸች። በእጇ የወጣው የሻገተና ነቀዝ የበላው ማሽላ ነው።

«ኧረ ጉድ! ልጄ፣ ዘራችንን ምን አደረግኸው?»

«አጠብኩት እማዬ። ቆሽሾ አግኝቼው...»

«ቆሽሾ? አመዱን እኮ አባትህ ነው በገዛ እጁ ያሸው፣ ነቀዝ እንዳይገባበት ብሎ! አሁን ዘንድሮ ምን ልንዘራ ነው?»

ልጅየው ሮጦ ከምድጃ አመድ ዝቆ ላዩ ላይ ነሰነሰ። ምን ዋጋ አለው? ያ ዘር አልበቀለም።

ልጄ፣ አትቀየሚኝ፣ ሰውየው አንቺ ነሽ። ጎታዎቹ የፋይል ዓይነቶች ናቸው። የጽሑፍ ፋይል ፊደል ይይዛል፤ የሠንጠረዥ ፋይል በረድፍና በዓምድ የተደለደለ ስምና ቁጥር፤ የፎቶ ፋይል ቀለም፤ የድምፅ ፋይል ድምፅ ይይዛል። ሁሉም መረጃ ነው፤ አቀማመጡ ግን ለየቅል ስለሆነ መክፈቻውም እንደ ዓይነቱ ነው። የጽሑፍ መጻፊያው ድምፅ ማሰማት አይችልም፤ ስለዚህ ያገኘውን ሁሉ በማይነበብ ምልክት ዘረገፈልሽ። አሁን እንዲመለስልሽ ብለሽ የፋይሉን ስም ብትቀያይሪ ከላይ አመድ መነስነስ ነው። ሁለተኛውን በድምፅ ማጫወቻው ክፈቺው፣ አንዲት ምልክት እንዳትነኪበት። የመጀመሪያውን ግን ከየት አመጣልሻለሁ? ይህን ስነግርሽ የራሴም ልብ አዝኗል፤ ቆሻሻ መስሎሽ መስመር በመስመር የሰረዝሽው የአባትሽ ንግግር ነበር።