ከገዛ ሆዱ ጋር የተጣላው አያ ጅቦ

አንድ ጊዜ፣ ክረምት ሊገባ ጥቂት ቀናት ሲቀሩት፣ አያ ጅቦ ገደል ሥር ወድቆ የሞተ በሬ አገኘ። በሬው ከሞተ አምስት ቀን አልፎታል፤ ሆዱ ተነፍቷል፣ ዝንቡ ይተምበታል። አሞራ እንኳ ከላይ አይቶት «ይቅርብኝ» ብሎ አልፏል። አሞራ የተወውን ሥጋ ማን ይበላል? አያ ጅቦ ይበላላ! ሽታው ገና ከሩቅ ሲደርሰው ዓይኑ እንባ አቀረረ፤ ከሽታው ክፋት እንዳይመስላችሁ፣ ከደስታው ነው።

ጉበቱን ዋጠ፣ ጨጓራውን ከነፈርሱ ዋጠ፣ አንድ ታፋ ጨረሰ። ከዚያ ሆዱን እየጎተተ ወደ ዋሻው ገባ። ይህ ዋሻ፣ ልጆቼ፣ ለእንደሱ ያለ ቂል የማይገባ ዋሻ ነበር፤ ሰፊ፣ ደረቅ፣ ዝናብ የማያውቀው። የማይመኘው አውሬ የለም። ከሁሉ ይልቅ እመት ቀበሮ ትመኘዋለች። የሷን ጉድጓድ በየክረምቱ ጎርፍ ይሞላባታል፤ ዘንድሮ ደግሞ አራት ልጆች ወልዳለች።

ረፋዱ ላይ የአያ ጅቦ ሆድ አጉረመረመ። ቀጥሎ ተገለባበጠ። ከዚያ ያንን የበሰበሰ ሥጋ በገባበት በር አስወጣው። ሆድ እኮ ዘበኛ ነው፤ መርዝ ሲገባበት ማጅራቱን ይዞ ያባርራል። ሌላው ፍጡር ቢሆን «ተመስገን፣ ወጣልኝ» ብሎ አፉን ይጉመጠመጣል። አያ ጅቦ ግን የወጣውን አየና ደሙ ፈላ።

«ሌባ!» አለው ሆዱን። «ስንት ለፍቼ ያገኘሁትን!»

ጎንበስ አለና ሁሉንም መልሶ ዋጠው። ምነው አፍንጫችሁን ያዛችሁ? እኔ አልበላሁት!

ሆድም መልሶ አስወጣው። ጅብም መልሶ ዋጠው። እንዲህ ሲሟገቱ ቀትር ሆነ። በመጨረሻ አያ ጅቦ ሁለቱን የፊት እግሮቹን አፉ ላይ ጭኖ ተጋደመ። ሆዱ በሩ ሲዘጋበት ሌላው አካሉ ለእርዳታ ተነሣ፤ ትኩሳቱም ያን ጊዜ መጣ።

እመት ቀበሮ በዋሻው ደጅ ስታልፍ ሲያቃስት ሰማችው። አላፊ አግዳሚ ትመስላለች እንጂ፣ በየቀኑ ነበር በዚያ የምታልፈው።

«አያ ጅቦ! ምነው፣ ምን ሆኑብኝ?»

«ሞትኩልሽ፣ እመት ቀበሮ። ሆዴ ከዳኝ። አሁን ደግሞ ውስጤ እሳት ተለኮሰ። እግሬም አልታዘዝ ብሎ፣ ‹ተኛ፣ ተኛ› ይለኛል።»

ቀበሮ ዋሻውን ከጣሪያ እስከ ወለል በዓይኗ ለካችው። ለክታ ስትጨርስ ከንፈሯን መጠጠች።

«የገዛ አካልዎ አድሞብዎታል፣ ጌታዬ። እርስዎን የሚያህል አውሬ በሆዱ ይታዘዛል? እሳቱን ያጥፉት እንጂ! ወንዝ ይግቡና እስከ አንገትዎ ይቀመጡ። ከዚያ ያንን ተራራ በሩጫ ይውጡ፤ እግር ጌታውን ይወቅ። ሲመለሱ ደግሞ የተረፈውን በሬ ይጨርሱ።»

«ያድነኛል?»

«እንዴታ! ከዚያ በኋላ ምንም አያምዎትም።»

ምንም አያምዎትም ያለችው እውነቷን ነው፤ የሞተ ምን ያመዋል? አያ ጅቦ ግን «እንዳንቺ ያለ አዋቂ የታለ!» ብሎ እየተንገዳገደ ወጣ።

ከወንዙ ማዶ አንዲት አህያ ሣር ትግጣለች። ጅብ ሲመጣ አየችና ልትፈረጥጥ ጆሮዋን አቆመች፤ አካሄዱን ስታይ ግን ግጦሿን ቀጠለች። እንደዚያ የሚንገዳገድ ጅብ እንኳን አህያ፣ እንቁራሪትም አይዝም።

አያ ጅቦ እስከ አንገቱ ውሃ ውስጥ ገባ። ትኋን የገባበትን አልጋ በፈላ ውሃ እናጥበው የለ? ሰውነትም መጥፎ እንግዳ ሲገባበት ራሱን የሚያሞቀው እንግዳውን ሊያባርር ነው። ይሄ ሞኝ ግን የገዛ ውሃውን ከምድጃ አውርዶ ደፋው።

«ጠፋ! እሳቱ ጠፋ!» አለ ከውሃው ሲወጣ። ወዲያው ያንዘፈዝፈው ጀመር። ጥርሱ ተንገጫገጨ፣ ጀርባው ተንቀጠቀጠ፤ ሰውነቱ የጠፋበትን እሳት መልሶ ማቀጣጠሉ ነው።

«አያ ጅቦ፣ ምን ነካህ?» አለች አህያ ከማዶ። «እኔ አምና ሻጋታ ገለባ በልቼ እንዲሁ ሆኜ ነበር። ሆዴ ‹አልበላም› ሲለኝ እሺ አልኩት። እግሬ ‹ልተኛ› ሲለኝ እሺ አልኩት። ውሃ እየጠጣሁ ጥላ ሥር ተኛሁ፤ ይኸው አለሁ። ተው፣ ሂድና ተኛ።»

«አንቺ ደግሞ እሺ የማትዪው ማንን ነው?» አለ አያ ጅቦ በሚንቀጠቀጥ ድምፅ። «ሲጭኑሽ እሺ፣ ሲገርፉሽ እሺ! እኔ ጅብ ነኝ። ሆዴን የማዘው እኔ!»

ይህን ብሎ ወደ ተራራው ሮጠ። ሮጠ አልኩ? ዳኸ ልበል እንጂ። እኩሌታው ላይ ሲደርስ ጉልበቱ ከዳው። እንደ ግንድ እየተንከባለለ ቁልቁል ወርዶ፣ ወንዙ ዳር ከነበረች ሾላ ሥር ተዘረረ።

እዚያም ሦስት ቀን ቀረ። መብላት ቢፈልግ አንገቱን ማንሣት አቃተው። ወንዝ ልግባ ቢል ከምላሱ በቀር ውሃው ጋ የሚደርስ አልነበረውም፤ በምላሱ ጠጣ። ልሩጥ ቢል እግሩ አልሰማውም። ምስኪን ሰውነቱ ይህን ጊዜ ከጌታው አረፈ። ቀኑን ሙሉ አተኮሰ፣ አላበ፣ አስተኛው፤ ሊሠራ የፈለገውን ሁሉ ማንም ሳያደናቅፈው ሠራ። በአራተኛው ቀን ጠዋት ትኩሳቱ ሥራውን ጨርሶ በረደ። አያ ጅቦም አጥንቱ ገጥጦ፣ ግን ድኖ፣ ተነሣ።

ዋሻው ጋ ሲደርስ አራት የቀበሮ ልጆች መኝታው ላይ ይንከባለላሉ። እመት ቀበሮ ስታየው ጸጉሯ ቆመ። ቀብረነዋል ብላ ነበራ! ግን ቀበሮ ናት፣ ቶሎ ነቃች።

«እሰይ፣ እንኳን ማርዎት! አላልኩዎትም? መድኃኒቴ ሠራ!»

«ሠራ እንጂ!» አለ አያ ጅቦ፣ እንባው እየወረደ። «አንቺ ባትኖሪ ሞቼ ነበር። ምን ላድርግልሽ?»

«ኧረ ምንም፣ ጌታዬ። ብቻ... ልጆቹ ዋሻዋን ለመዷት።»

«ውሰጃት! ዋሻ ምን ያደርጋል፣ ነፍሴን ለሰጠሽኝ!»

አጎንብሶ እጅ ነሥቶ ወጣ። ወንዙ ዳር አህያን ሲያገኛት ደረቱን ነፋ።

«አየሽ፣ ዳንኩ! አንቺን ሰምቼ ብተኛ ኖሮ አልቆልኝ ነበር።»

«ሦስት ቀን ሙሉ እዚያ ሾላ ሥር ተኝተህ አልነበር እንዴ?»

አያ ጅቦ ማሰብ ጀመረ። ሲያስብ ግንባሩን ያመዋል፤ ልማዱ አይደለማ።

«እሱ... ሩጫው አድክሞኝ ነው» አለ።

ወዲያው ሰማዩ ጠቆረ፤ የክረምቱ የመጀመሪያ ዝናብ ወረደ። መጠጊያ ያጣው አያ ጅቦ ቀበሮ ትታው በሄደችው ጉድጓድ ሊገባ ታገለ። ጭንቅላቱ ገባ፣ ወገቡ ተቀረቀረ፣ ቂጡ ዝናብ ላይ ቀረ። ያ የማይሰለቸው ሰውነቱም ሊያሞቀው ይንቀጠቀጥ ጀመር።

«አርፈህ ተቀመጥ!» አለው አያ ጅቦ በቁጣ። «ደግሞ ልትከዳኝ?»

ከዚህ የምንማረው፣ ሰውነቱ ሲያስመልስም ሲያተኩስም ሊያድነው እየታገለ መሆኑን የማያውቅ፣ ቤቱን የሚመኝበትን ሁሉ ሐኪም አድርጎ የሚሰማ ሰው፣ ቢድን እንኳ ጠላቱን እያመሰገነ ወዳጁን ሲሰድብ እንደሚኖር ነው።