አያ እንግዳሸትና የሾላ ምድር ሌባ

እነዚህን ጨዋታዎች የነገሩኝ አባቴ ናቸው። ዛሬ በሬን መቀርቀሬን ሁለት ጊዜ አይቼ ከተቀመጥኩ በኋላ፣ ከእኔ ጋር እንዳይጠፉ ልጻፋቸው ብዬ ነው።

አያ እንግዳሸት የሾላ ምድር ኮርቻ ሰፊ ነበር። ከሀብቱ ሁሉ ዓይን የምትሞላው አንዲት ዳማ በቅሎው ብቻ ናት፤ ግንባሯ ላይ ነጭ ቦቃ አለባት። የሰፋውን ኮርቻ ጭኖ ከገበያ ገበያ የሚዞረው በእሷ ነው። በአገሩ ስርቆት ሲበዛ ሚስቱ ደብሪቱ፣ «በቅሎዋ ከሄደች እኛም አብረን ሄድን» እያለች ሰላም አጣች።

*

የአገሩ ጭቃ ሹም ባላምባራስ ጓንጉል እጃቸው የማይፈታ ሰው ነበሩ። ውሻ ሲራብ ይከፋል ብለው የቤታቸውን ውሻ አያበሉትም። አንድ ቀን ከሄዱበት ሲመለሱ የሰባ ሙክታቸው የለም። ውሻው ትንፍሽ አላለም፤ ደጁ ላይ የእንጀራ ፍርፋሪ ብቻ ተገኘ።

«ስንት ዓመት ያኖርኩት ውሻ! እንዴት አንዴ እንኳ አይጮህም?» ብለው ቢናደዱ፣ አያ እንግዳሸት መለሰላቸው።

«አይፍረዱበት ጌታዬ፤ የሚያበላው ሰው ሲያይ ጊዜ ጌታዬ መጣ ብሎ ነው።»

*

ደብሪቱ ብትወተውተው ትልቅ የብረት ቁልፍ ገዝቶ በሸምበቆ መዝጊያው ላይ ሰቀለ። ጎረቤቱ ጫኔ ምሳ ሲቀርብ ሳይጠሩት የሚደርስ ሰው ነው። ቁልፉን አይቶ ሳቀ።

«አያ እንግዳሸት፣ ይህን መዝጊያ ሌባ በትከሻው ቢገፋው ይወድቃል። ቁልፉ ምን ሊረባህ ነው?»

«ለሌባው መች ሆነና! እሱስ ገፍቶ ይገባል። ቁልፉ ለአንተ ነው።»

*

ባላምባራስ ስለ ሙክታቸው አውጫጭኝ አስነገሩ። አውጫጭኝ ማለት ከአራስና ከደካማ በቀር ያገሩ ሰው በሙሉ ሜዳ ላይ ተቀምጦ፣ ሌባው እስኪታወቅ ወደ ቤቱ የማይመለስበት የጥንት ደንብ ነው። አንድ ሰው እንኳ ቢጎድል አይጀመርም። ባላምባራስ ግን አሽከራቸውን ድልነሳን «ቤቴን ይጠብቅ» ብለው አስቀሩት።

በሁለተኛው ቀን አንዲት አሮጊት ከመንደር እየጮኹ መጡ። ሰው ሜዳ ላይ ተቀምጦ ሳለ አምስት ቤት ተዘርፏል። ሕዝቡ ከመቀመጫው ሲነሳ ባላምባራስ ተቆጡ።

«ተቀመጡ! ሌባውን ሳታወጡ ማንም ከዚህ አይነቃነቅም!»

አያ እንግዳሸት ብቻውን ቆሞ እጅ ነሳ።

«እንግዲያው ወደ ቤታችን ይልቀቁን፣ ጌታዬ። ሌባው ያለው እዚያ ነው።»

*

አንድ ረፋድ ላይ ደብሪቱ ውሃ ወርዳለች፤ አያ እንግዳሸት ከጓሮ ቆዳ ያለፋል። ድልነሳ ከደጅ ቆሞ «ቤቶች!» አለ። መልስ ሲያጣ ደግሞ «ቤቶች!» አለና ገባ። አያ እንግዳሸት ከኋላው ቢደርስ፣ የበቅሎዋን ልጓም ከግድግዳው አውርዶ ይዞታል።

ድልነሳ ደነገጠ። «ምነው አያ፣ ሁለቴ ቤቶች ብዬ ተጣራሁ እኮ! ዝም አላችሁኝ።»

«የጠራኸው ቤቱን ነው፤ ቤቱ ደግሞ አፍ የለውም። ሌላ ጊዜ እኔን ጥራኝ።»

*

በሳምንቱ፣ ሰው ሁሉ ለንግሥ ቤተ ክርስቲያን በዋለበት ቀን፣ በቅሎዋ ጠፋች። ደብሪቱ ነጠላዋን አዘቅዝቃ አለቀሰች። አያ እንግዳሸት ኮርቻውን በጀርባው ተሸክሞ ገበያ ሲወጣ ጫኔ መንገድ ላይ አገኘው።

«አያ፣ ዛሬ ደግሞ ኮርቻው አንተ ላይ ነው?»

«ምን ላድርግ፤ ከቤታችን ጭነት የለመደችው እሷ ነበረች፤ አሁን ተራው ደረሰኝ።»

*

አያ እንግዳሸት አውጫጭኝ ይደረግልኝ አለ። ባላምባራስም እምቢ ለማለት አልተመቻቸውም።

የቀጠሮው ቀን፣ ሁልጊዜ በእግራቸው የሚመጡት ባላምባራስ በዳማ በቅሎ ተቀምጠው መጡ። ልጓሙን የያዘው ድልነሳ ነው። የበቅሎዋ ግንባር ጥቁር ነው። «ከሩቅ አገር የገዛኋት ናት» አሉ ባላምባራስ፣ ማንም ሳይጠይቃቸው። ሰው እርስ በርሱ ተያየ። ደብሪቱ ልትጮህ ስትል ባሏ ክንዷን ያዝ አደረጋት።

በዚህ መካከል ካፊያ ጣለ። ከበቅሎዋ ግንባር ጥላሸት ቁልቁል ይወርድ ጀመር፤ ነጩ ቦቃ ቀስ እያለ ብቅ አለ። ባላምባራስ ከላይ ሆነው አላዩትም። ድምፃቸውን ከፍ አድርገው ጠየቁ።

«እንግዳሸት! አውጫጭኝ ያልከው አንተ ነህ። የቀረ አለ ወይስ ልጀምር?»

«ይጀምሩ ጌታዬ። ዛሬስ እንኳን ሰዉ፣ በቅሎዬም አልቀረች።»