ጎንበስ ቀና

በቀርከሃ ከተሸፈነው ደጋ ሥር፣ በጭልቃ ወንዝ ላይ የተዘረጋው የእግር ድልድይ «ጎንበስ ቀና» ይባላል። ሽማግሌዎች እንደሚሉት ድልድዩን መጀመሪያ የሠራችው አንጓች የምትባል ቅርጫት ሠሪ ናት።

በዚያ ዘመን መሻገሪያው አንድ ወፍራም የደረቀ ግንድ ነበር። የአንጓች ባል በክረምት ጨው ተሸክሞ ሲመለስ ግንዱ ከመሃል ቀጭ ብሎ ተሰበረና ሰውየውን ውኃ ወሰደው። ሐዘኑ ሲወጣ አገሬው ከፊተኛው የሚወፍር ግንድ ሊጥል መከረ። አንጓችን ግን ከሞቱ እኩል ያንገበገባት ግንዱ ሳያስጠነቅቅ መሰበሩ ነበር፤ ዕድሜዋን ሙሉ በእጇ ስታጥፈው የኖረችው ቀርከሃ ከመሰበሩ በፊት ይጎብጣል፣ ይንጣጣል። ወንዝ ማዶ የተዳረችው አንድ ልጇ ደግሞ በመጪው ሐምሌ የምትወልድ ነፍሰ ጡር ነበረች።

ቢወጣ የሚባሉት ጭቃ ሹም ድልድዩን በቀርከሃ እንሥራ ማለቷን ሰምተው «እህቴ፣ ቀርከሃ ለቅርጫት ነው» አሏት።

«ጌታዬ፣ እስከ ግንቦት ልደታ ይታገሱኝ» አለች።

ቀኑ ሲደርስ አንድ እስር ቀርከሃ በሁለት ድንጋዮች ላይ አጋድማ፣ ሰዉ እያየ መሃሉን የአንድ ሰው ክብደት ያህል ድንጋይ ጫነችበት። እስሩ ጎበጠ፤ ስታወርድለት ቀና አለ። የሁለተኛ ሰው ያህል ጨምራ ጫነች፤ ስታወርድለት አሁንም ተመለሰ። ሦስተኛ ጊዜ ስታበዛበት ተንጣጣ፣ ብታወርድለትም እንደ ጎበጠ ቀረ።

«ይኸው፣ አበላሸሽው» አሉ ቢወጣ።

«አውቄ ነው ጌታዬ። የሚደክምበትን ሳላውቅ ልጄ ዘንድ አልሄድበትም። እስከ ሁለተኛው ሸክም ይመለሳል፤ ከዚያ ካለፈ አይመለስም።»

ጭቃ ሹሙ የጎበጠውን እስር ዳሰስ አደረጉና ሰዉን «ቀርከሃ ቁረጡ» አሉት። በዚያው ልክ ድልድዩ ተሠራ፤ ከሁለት ሰው በላይ አብሮ እንዳይወጣበትም ተደነገገ።

በሐምሌ ልጇ ምጥ ያዛት ተብሎ ከማዶ ሲጠሯት አንጓች በሞላው ወንዝ ላይ ቀድማ ወጣች። መሃል ስትደርስ ድልድዩ ጎነበሰ፤ ባሏን የወሰደው ውኃ ከእግሯ ሥር ይጮኻል። ቀርከሃው ግን ሲንጣጣ አልሰማችም። አንድ እርምጃ ጨመረች፤ ያለፈችበት ከኋላዋ ቀና ሲል በእግሯ ታወቃት። ማዶ ደረሰች፤ የልጅ ልጇንም በእጇ ተቀበለች ይባላል።

ዛሬም እስሩ በየዓመቱ በግንቦት ሲታደስ መጀመሪያ የምትወጣበት ሴት ናት። መሃል ላይ ቆማ ትረግጠዋለች፤ ቀና ሲልላት እልል ይባላል። ከዚያ ወዲያ ሁለት ሰው ካለበት ሦስተኛው፣ የቱንም ያህል ቢቸኩል፣ ዳር ቁጭ ብሎ ተራውን ይጠብቃል።