ስድስት የሚቀንስ ሰዓት

«አንድ ሰዓት ከሩብ ነው። ትናንትም ስታልፊ አንድ ከሩብ ነበር፤ ነገም ያው ነው። ምን ያስጠይቅሻል?» አላት ሰዓት ጠጋኙ ጋሽ እንዳሻው፣ ከማጉያ መነጽሩ ቀና ሳይል።

እታፈራሁ በየማለዳው የፋብሪካ ሰርቪስ ልትሳፈር በሱቁ ደጅ የምታልፍ ሴት ናት። «አርባ ሰዓት ግድግዳ ላይ ሰቅለው አንዷን ይሰስቱብኛል ጋሼ?» ብላው ሄደች።

እሷ ብቻ አልነበረችም። መንገደኛው ሁሉ አንገቱን እያስገባ ሰዓት ይጠይቀዋል። በተጠየቀ ቁጥር ከወረንጦው ላይ ጤፍ የምታህል ብሎን ትወድቅበታለች።

በመጨረሻ መላ ዘየደ። የአውራ ጣት ያህል ስክሪንና ትእዛዝ የሚቀበል ትንሽ ቺፕ ገዛ። አንድ ወር ሙሉ በስልኩ ቪዲዮ እያየ ተማረ። ቺፑ የሚቆጥረው እንደ ፈረንጅ ስለነበር፣ ስድስት ሰዓት ቀንሶ እንዲያሳይ አንድ መስመር ትእዛዝ ጻፈለትና መስኮቱ ላይ፣ ፊቱን ወደ መንገዱ አድርጎ ሰቀለው።

ሰላም ሆነ። ሰው ያያል፣ ያልፋል። ጋሽ እንዳሻው በዚያ ሳምንት የሠራውን ያህል በዕድሜው ሠርቶ አያውቅም።

በሁለተኛው ሳምንት አንድ ነገር አስተዋለ። ሱቁን ከከፈተ እስኪዘጋ የገዛ ድምፁን አልሰማም። ቤቱም የሚጠብቀው ሰው የለ። ከመንገዱ ማዶ ያለው ልብስ ሰፊ መሞቱን የሰማው ሠልስቱ ካለፈ በኋላ ነው። ለካ ወሬው ሁሉ ይደርሰው የነበረው ሰዓት ሊጠይቁ በሚቆሙት አፍ ኖሯል።

በማግስቱ ያቺን ስድስት የምትቀንስ መስመር ሰረዛት። በማለዳ መስኮቱ ላይ «ሰባት ከሩብ» በራ። አንዱ እንኳ ቆሞ «ተሳስቷል» ይለኛል ብሎ በሩን ገርበብ አድርጎ ጠበቀ።

የቆመ የለም። በዚያ ከተማ የፈረንጅ ሰዓት ያየ ሁሉ እግሩን ሳያቆም በልቡ ስድስት ይቀንሳል። ተማሪው ቀንሶ አለፈ። ሎተሪ አዟሪው ቀንሶ አለፈ። እታፈራሁም ቀንሳ አለፈች።

ብዙ ሰው የሚጠይቀን መልሱን ፈልጎ ይመስለናል። መልሱን ደጁ ላይ የሰቀለ ግን ደጁን በገዛ እጁ አጥሯል፤ ከዚያ ወዲያ እሱ ራሱ ካልወጣ ወደ እሱ የሚገባ የለም። እናንተስ ደጃችሁ ላይ ምን ሰቅላችኋል?

ጋሽ እንዳሻው ይህን ሲያሰላስል አደረ። ሲነጋ ስክሪኑን ነቀለና መነጽሩን ግንባሩ ላይ እንደሰቀለ አስፋልቱ ዳር ወጥቶ ቆመ። እታፈራሁ አንድ እግሯን ሰርቪሱ ላይ አድርጋ ሳለ ደረሰባት።

«እታፈራሁ፣ ስንት ሰዓት ሆነ?»

ዞር ብላ አየችው። በትከሻው አሻግራ፣ በተከፈተው የሱቁ በር፣ ግድግዳውን የሞሉትን ሰዓቶች አየች። መልሳ ፊቱን አየች። ሾፌሩ ጡሩንባ ነፋ።

«አሁን ሰርቪሱ ጥሎኝ ሊሄድ ነው ጋሼ» አለችው ቀስ ብላ። «ማታ ስመለስ ገብቼ እነግርዎታለሁ።»

የመኪናው በር ተዘጋ።